የሟች ጥፋት

ጥቅምት 19 ቀን 1974፣ ኮኪት

ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ አንድ የቀን ሠራተኛ ሞተብን። ሸጋው ይባላል። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው። በቀትር ዕረፍት ከተሳቢው ሥር ጥላ ፈልጎ ተኝቶ ሳለ ሾፌራችን ቢሻው ትራክተሩን አንቀሳቀሰ፤ የተሳቢው ጎማ ደረቱ ላይ ወጣ። ሸሕዲ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ።

የእርሻው ነገረ ፈጅ ስለሆንኩ ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። «አሳዛኝ ድንገተኛ አደጋ» ብዬ ጀመርኩ። ሥራ አስኪያጁ «ድንገተኛ» የምትለዋን ወደዷት፣ «አሳዛኝ»ን ሰረዟት። ቢሻውን ፖሊስ ወስዶ አነጋግሮ ዛሬ ለቀቀው።

ሙቀቱ አይጣል ነው።

ጥቅምት 22

መጂዳ ሻይ ቤት ሁለት ሠራተኞች ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ። «ዲስኩን ግን ሰምተሃል?» ይላል አንደኛው። «እኔ ማሳ ውስጥ ነበርኩ» ይላል ሌላው። ዞር ስል ዝም አሉ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

እዚህ እርሻ ላይ አንድ ደንብ አለ፣ የትም አልተጻፈም። ከበሩ አጠገብ ካለው ግራር ላይ አሮጌ የማረሻ ዲስክ ተሰቅሏል። ሾፌር ከዕረፍት በኋላ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት በብረት ሦስት ጊዜ ይመታዋል። ቀትር ላይ ከተሳቢና ከትራክተር ጥላ ሌላ ጥላ ስለሌለ ሰው ሁሉ እዚያ ሥር ነው የሚተኛው። ዲስኩ ሲመታ ይነሳል። እስኪመታ ድረስ ግን እናቱ ቤት እንዳለ ሰው ያንኮራፋል።

ጥቅምት 24

የሟችን ዕቃ ቆጥሬ ለመጋዘን አስረከብኩ። አንድ ማጭድ። አንድ ጋቢ። አንድ የጣሳ ኩባያ። የአንድ ሕፃን ጫማ፣ አዲስ፣ ከነክሩ። ፈረምኩ።

ኅዳር 2

ሥራ በዝቷል። የሰሊጡ ማራገፍ ተጀመረ። ቢሻው ሰላምታ አይሰጠኝም። እኔም አልሰጠሁትም።

ዲስኩ በቀን አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ይመታል። በተመታ ቁጥር ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። ዛሬ የሒሳብ ሹሙ «ምነው፣ አንተም ከተሳቢ ሥር ነው እንዴ የምትተኛው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ኅዳር 6

የሟች አባት መጡ። ገብረማርያም ይባላሉ። ከአቸፈር ተነስተው ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና ነው የደረሱት። ስልሳ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል፤ ዘንጋቸውን ከደጅ አስደግፈው፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። ዕቃውን አስረከብኳቸው። ማጭዱን አዩት፣ ጋቢውን አሸተቱት፣ ጫማውን ግን ሲያዩ ቶሎ ወደ ብብታቸው ከተቱት።

ስለ ካሳ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ነገር አነሱ። ወሬው ቀድሟቸው አገራቸው ገብቷል። በሥራ ሰዓት ተኝቶ፣ በገዛ ስንፍናው ሞተ ተብሏል። ቄሱ ሳይቀሩ ለሰዉ እንዲያ ብለው ነግረዋል።

«ብር ይሰጡኝ አይስጡኝ የነሱ ጉዳይ ነው» አሉኝ። «ልጁ ሁለት ዓመቱ ነው። የሰነፍ ልጅ እየተባለ ሊያድግ ነው። ይኸን ስም ዳኛ ይፋቅልኝ። እኔ ይኸን ነው የምከስ።»

መጥፎ ሰው ቢሆኑ ምን ነበረበት። ከበር ሸኘኋቸውና ክስ የት እንደሚከፈት እኔው ራሴ ነገርኳቸው። ሕግ ለሁሉም እኩል ነው ብዬ አምናለሁ።

ኅዳር 14

ክሱ ደረሰን። ሸሕዲ ላይ ተዘዋዋሪ ችሎት ያስችላል፤ ቀጠሮው ለታኅሣሥ 12 ነው። ከሳሽ ገብረማርያም። ተከሳሽ እርሻው። የእርሻው ጠበቃ እኔ።

መከላከያችንን ለመጻፍ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ይዤ ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ። ያሉትን መከላከያዎች በየተራ አየኋቸው። ከአቅም በላይ ነው እንበል? መብረቅ አልወደቀ፣ ጎርፍ አልመጣ። አደጋውን አውቆ ፈቅዶ ገባበት እንበል? ለሰሊጥ አጨዳ ተቀጠረ እንጂ ለጎማ አልተቀጠረ። ይርጋ እንበል? ገና ወሩ ነው። ደግሞ ስለ መኪና የሚናገረው ክፍል ጨካኝ ነው። ባለ መኪና «እኔ አላጠፋሁም» ቢል አይሰማም። «ላስቀረው አልቻልኩም» ቢል አይሰማም። «ምክንያቱ አይታወቅም» ቢልም አይሰማም። አንድ በር ብቻ ክፍት ነው፤ ጉዳቱ የደረሰው በተጎዳው ሰው በራሱ ጥፋት ነው ብሎ ማስረዳት።

ይኸን ለሥራ አስኪያጁ ሳስረዳ «ታዲያ ክፍት ከሆነ ግባበታ» አሉኝ። የሰፊው ሕዝብ ሀብት ለአንድ እንቅልፋም አይባክንም አሉ። ስወጣ ጠርተው፣ ሸጋው በሞተ ቀን ስለነበረው ሴሚናር በመከላከያው ውስጥ ምንም እንዳይነሳ አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅኳቸውም።

ኅዳር 15

የጻፍኩት፦ «ሟች ዲስክ መመታቱን እየሰማ ባለመነሳቱ፣ ማንኛውም ጠንቃቃ ሰው ከማይተኛበት ቦታ በመተኛቱ፣ ለሞቱ ምክንያት የሆነው የራሱ ጥፋት ነው።»

አንብቤ ሳበቃ ምሳዬን በልቼ ከእርሻው ላንድሮቨር ሥር ተጋደምኩ። ከተጋደምኩ በኋላ ነው ምን እንደጻፍኩ ትዝ ያለኝ።

ኅዳር 17

ቢያንስ ይህ ደብተር የማልዋሽበት ቦታ ይሁነኝ።

ሸጋው በሞተበት ሳምንት፣ ሰኞና ማክሰኞ ሴሚናር ነበር። ከክፍለ ሀገር የመጡ ጓዶች መጋዘኑ ውስጥ ስለ ምርት ዘመቻ ያስተምራሉ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ። ሰኞ ቀትር ላይ ዲስኩ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ተናጋሪው ጓድ አቁመው «ይህ እርሻ ነው ወይስ ገዳም?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ አልሳቁም፣ ወደ እኔ አዩ። አንድም ቃል አልተናገሩም። ማንም አላዘዘኝም፤ ይህን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ወጣሁና ቢሻውን ሴሚናሩ እስኪያልቅ እንዳትመታ አልኩት። የተኙት ሰዎችስ አለኝ። በአፍህ ጥራቸው አልኩት። እንዳይረሳ ብዬ መምቻውን ብረት ከተሰቀለበት ፈትቼ ወሰድኩት። ማክሰኞ ያ ሁሉ ሲሆን መምቻው እኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ማንም ሳያይ መልሼ ሰቀልኩት።

ቢሻው በአፉ ጠርቷል። አራት ሰው ተኝቶ ነበር፣ ሦስቱ ነቅተው ወጡ። ሸጋው አልነቃም። ሦስቱም ደመወዛቸውን ተቀብለው ወደየአገራቸው ሄደዋል፤ አድራሻ የላቸውም።

ኅዳር 18

አንድ ነገር ቀረኝ። አዲስ ሠራተኞች ሲመዘገቡ ስለ ዲስኩ የምነግራቸው እኔ ነኝ። «እስኪመታ ድረስ ማንም አይነካችሁም፣ ተኝታችሁ እረፉ» እላለሁ። ዘንድሮ አንዱ ጎጃሜ «ጌታው፣ እንቅልፍ ጥሎኝ ባልሰማውሳ?» አለኝ። «ይህን የማይሰማ የሞተ ሰው ብቻ ነው» አልኩት። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ሸጋው ይሁን ሌላ፣ አላውቅም። ቀና ብዬ ፊቱን አላየሁትም፤ እጽፍ ነበር።

ኅዳር 26

ቢሻውን መጂዳ ጋ አገኘሁት። ከአጠገቡ ተቀመጥኩ። ድሮ በየቀኑ አብረን ነበር ሻይ የምንጠጣው። እሱ መተማ ተወልዶ ያደገ፣ ገዳሪፍ ድረስ መኪና የነዳ፣ ከኔ ሰባት ዓመት የሚበልጥ ሰው ነው።

ነገሩን አስረዳሁት። ዲስኩ አልተመታም ካለ ሰው በቸልተኝነት የገደለው እሱ ይሆናል። ተመታ ካለ ግን ጥፋቱ የሟች ነው፤ እሱም ነፃ፣ እርሻውም ነፃ።

«አንተስ?» አለ።

መጂዳ ብርጭቆ ልታነሳ መጣች፣ ሄደች።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ተመታ እላለሁ» አለ ቢሻው። «እኔ እንኳ ሦስት ልጅ አለኝ፣ ለነሱ እዋሻለሁ። አንተ ለማን ብለህ ነው?»

የሻዩን ከፈልኩ። ሌላ ምን ላድርግ። ቤቴ ገብቼ የምስክር ዝርዝር ላይ ስሙን አንደኛ አድርጌ ጻፍኩ። ሁለተኛ አልነበረም።

ታኅሣሥ 12፣ ሸሕዲ

ችሎቱ ዛሬ ዋለ። ሽማግሌው ገብረማርያም ያለ ጠበቃ ነው የቆሙት። ጋቢያቸውን አጣፍተው ዘንጋቸውን ይዘው ሲነሱ፣ በጃንሆይ ጊዜ ያየኋቸውን ተሟጋቾች አስታወሱኝ። ዳኛው ወጣት ናቸው፣ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ በኋላ ግን ፈገግ አላሉም።

ቢሻው ማለ። ዲስኩን ሦስት ጊዜ መትቻለሁ አለ። ድምፁ ቀጥ ያለ ነበር፣ ዓይኑ ግን ከወለሉ አልተነሳም።

ሽማግሌው ጠየቁት። ልጄ ስትመታ በየትኛው እጅህ መታህ? በቀኜ አለ። ከመታህ እስከምትነዳ ምን ያህል ቆየህ? ትንሽ አለ። ሌሎቹ ሦስቱ ሲነሱ አየሃቸው? አየሁ አለ። ሦስቱ ተነስተው አንዱ ሲቀር ለምን አልፈለግከውም? ወዲያው እኔ ተነስቼ ተቃወምኩ፤ ጥያቄው ምስክሩን ራሱን የሚያስወቅስ ነው አልኩ። ዳኛው ተቀበሉኝ። በሕግ በኩል ትክክል ነበርኩ።

ከዚያ ሽማግሌው ስለ ልጃቸው ተናገሩ። እንቅልፈ ቀላል ነው፣ ከማዶ ቢጠሩት ይሰማል፣ ጥጃ ሲንቀሳቀስ ይነቃል አሉ። ዳኛው፣ አባቴ ይህ ማስረጃ አይሆንም አሏቸው። «እንግዲያ እኔ ያለኝ ይኸ ነው» ብለው ተቀመጡ።

በእኔ ተራ ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። ዲስኩ ተመትቷል አልኩ። ሰው ለራሱ ደኅንነት መጠንቀቅ እንዳለበት ከሕጉ ጠቀስኩ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ» ብዬ ልቀጥል ስል ሽማግሌው ካሉበት ሆነው ቀስ ብለው «አድርጎሃል» አሉ። ዳኛው ጸጥታ አሉ። ቀጠልኩ።

ታኅሣሥ 13

አልበላሁም። ቢሻው ሥራ አልገባም። በእሱ ፈንታ ሌላ ሾፌር መጥቷል፤ ዲስኩን አምስት ጊዜ ይመታል፣ አንዳንዴ ስድስት። ሰው ሁሉ ፈርቷል።

ታኅሣሥ 18

ዲስኩ ሳይመታ ሰማሁት። ከቢሮ ወጥቼ አየሁ፣ ግራሩ ሥር ማንም የለም። ዘበኛውን ጠየቅሁት። ዛሬ እሑድ ነው አቶ ማሩ፣ ማን ይመታዋል አለኝ። እሑድ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

ታኅሣሥ 28

ነገ ገና ነው። ጎንደር እናቴ ጋ መሄድ ነበረብኝ። ሥራ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ሥራ የለብኝም።

ጥር 4፣ ሸሕዲ

ፍርዱ ከአውራጃው ከተማ ከአይከል በጽሑፍ መጣ። ዳኛው ስለታመሙ ችሎት አልነበረም፤ ጸሐፊው ለሁለታችንም ግልባጭ ሰጠን። እኔ እዚያው ቆሜ አነበብኩ። አሸንፌያለሁ። ዲስኩ መመታቱ ተረጋግጧል፣ ሟች በራሱ ከፍተኛ ቸልተኝነት ለሞቱ ምክንያት ሆኗል፣ ክሱ ውድቅ ነው። የእኔ አረፍተ ነገሮች በዳኛው ፊርማ ሥር ተቀምጠዋል፤ አንዱ እንዲያውም ቃል በቃል።

ስወጣ ሽማግሌው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ወረቀታቸውን ዘረጉልኝ። «ጸሐፊው ችኩል ነው፣ አይረዳኝም። አንተ አንብብልኝ» አሉ።

ሌላ ሰው ፈልጉ ማለት እችል ነበር። ወረቀቱን ተቀበልኩ። ቀኑን አነበብኩ፣ የመዝገብ ቁጥሩን አነበብኩ፣ የሁለቱን ወገን ስም አነበብኩ። ከዚያ ዓይኔ «ሟች በራሱ» የሚለው ላይ ደረሰ። ሽማግሌው በእጃቸው ዘንጉን ጨምድደው አፌን ያዩ ነበር።

«ትራክተሩ ዲስኩ ሳይመታ የተንቀሳቀሰ በመሆኑ» አልኩ፣ «ሟች ምንም ጥፋት የለበትም።»

እንደገና አንብብ አሉኝ። ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ቀለለኝ።

ካላጠፋ ለምን ካሳ አይሉም ብለው ጠየቁ። ካሳውን ሕጉ አልፈቀደም አልኳቸው። ይኸ እንግዳ ሕግ ነው አሉና ተዉት። ተንበርክከው መሬት ሳሙ። ሲነሱ እጄን ያዙና መረቁኝ፤ ልጅ ይውጣልህ፣ ዳኝነት አይጉደልብህ እያሉ። ቆሜ አሜን አልኩ።

ጥር 5

አውቶቡስ ድረስ ሸኘኋቸው። ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልለው ከልጁ ጫማ ጋር ጉያቸው ውስጥ አስገብተዋል። አገሬ እንደገባሁ በቅዳሴ ማግስት፣ ደብሩ ሁሉ ተሰብስቦ፣ መሪጌታ ያነቡታል አሉኝ። እንዳያስነብቡት ማለት ፈለግሁ። ምን ብዬ? አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ እጃቸውን አወጡልኝ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላል የአገሬ ሰው። እኔ ግን አውቄዋለሁ።

ጥር 19

ሥራ አስኪያጁ የምስጋና ደብዳቤ ጻፉልኝ። ከማኅደሬ ጋር ተያይዟል።

ሽማግሌው አሁን ደርሰዋል። መሪጌታው አንብቧል። ወይም አላነበበም። ምናልባት ዓይኑ ደካማ ነው።

የካቲት 18

ደብዳቤ መጣ። በመሪጌታው እጅ የተጻፈ ነው፣ ፊደሉ ያምራል። ሳላሳጥር እገለብጠዋለሁ።

«ለልጄ ለአቶ ማሩ። እንዴት ሰነበትህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ወረቀቱን መሪጌታ በሕዝብ ፊት አነበቡት። አንተ ያነበብክልኝ ቃል አልወጣም። ሁለተኛ አነበቡት፣ ሦስተኛ አነበቡት፤ የለበትም። ሰዉ እኔን አየኝ። አፍሬ ተቀመጥኩ።

በኋላ ግን አሰብኩበት። ሾፌሩ ዲስኩ ተመታ ብሎ ማለ። ዳኛው ተመታ ብለው ጻፉ። አንተም በችሎት ተመታ ነው ያልክ። በዚህ ዓለም ላይ አልተመታም ያለ አንድ ሰው አንተ ነህ፣ ያውም እኔ ሳልጠይቅህ። ታዲያ ከየት አነበብከው? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ሙግት ግን ከአባቴ ተምሬያለሁ። ከወረቀቱ ካላነበብከው ከሆድህ ነው ያነበብከው። እውነትን በሆዱ የያዘ ሰው ደግሞ ምስክር ነው።

አልተቀየምኩህም። ከሸሕዲ እስካገሬ ሦስት ቀን ሙሉ ልጄ ንጹሕ ሆኖ አብሮኝ ተጉዟል፤ ያንን የሰጠኸኝ አንተ ነህ። አሁን ይግባኝ ጎንደር ከፍተኛው ፍርድ ቤት አስገብቻለሁ። ከአንተ በቀር ምስክር የለኝም፣ ቆጥሬሃለሁ። ገብረማርያም።»

የካቲት 19

መቃወሚያውን በአእምሮዬ ጻፍኩት። ነገረ ፈጅ በያዘው ጉዳይ ምስክር ሊሆን አይገባም። በይግባኝ አዲስ ምስክር በቀላሉ አይሰማም። ሁለቱም ጥሩ ክርክሮች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ጥሩ ክርክሮች ሲመጡልኝ ዋሉ።

መጋቢት 3

መጥሪያው በፖሊስ እጅ ደረሰኝ። ፍርድ ቤቱ ሊሰማኝ ፈቅዷል፤ ቀኑ መጋቢት 8። ሥራ አስኪያጁ ጠርተው፣ ወባ በዚህ ወቅት ብዙ ሰው ይጥላል፣ የሐኪም ወረቀት ችግር የለውም አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ተመልሼ ገባሁና ለእርሻው ሌላ ነገረ ፈጅ ይፈለግ አልኳቸው። ቁጭ ብለው ብቻ አዩኝ፣ ሴሚናሩ ላይ እንዳዩኝ።

መጋቢት 6

ቢሻው ቤቴ ድረስ መጣ። ከታኅሣሥ ወዲህ ደጄን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ሻይ ቀዳሁለት። ምን ልትል ነው ብሎ ጠየቀኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። እንዳትመታ ያዘዝኩህ እኔ ነኝ እላለሁ። መምቻውን የወሰድኩት እኔ ነኝ እላለሁ። በሐሰት እንድትምል ያግባባሁህም እኔ ነኝ እላለሁ።

ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። «እንዲህ ስትል እኔን ያድነኛል?» አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጉን እንዳለ ነገርኩት። ትንሽ ያቀልልህ ይሆናል፣ አያድንህም አልኩት።

«አንተንስ?»

«እኔንም።»

ሻዩን ጨረሰ። ኮፍያውን ከጉልበቱ አነሳ፣ ግን አልተነሳም። ሦስቱን ልጆቹን፣ ሚስቱን፣ ምናልባት ያንን ቀትር እያሰበ ይሆናል።

«የጎንደር አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳ?» አለኝ።